የሩዝቬልት ዓይን፦ የለውጥ አራማጁ ፕሬዚዳንት በሁለት መጻሕፍታቸው ሲመዘኑ

መሪዎች ስለ ራሳቸው የሚጽፉት ታሪክ ሁለት ጊዜ ሊነበብ ይገባዋል፤ መጀመሪያ የጻፉትን ለማወቅ፣ ቀጥሎም ሳይጽፉ ያለፉትን ለመመርመር። ሃያ ስድስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት (1858–1919) ለእንዲህ ዓይነቱ ንባብ የተመቹ ጸሐፊ ናቸው። ካሳተሟቸው ከሠላሳ የሚበልጡ መጻሕፍት መካከል ሁለቱ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ያደረጉትን ጉዞ የተረኩበት «የአፍሪካ የአደን ዱካዎች» (1910) እና የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉበት «ግለ ታሪክ» (1913)፣ አብዛኛውን ጊዜ ተለያይተው ይነበባሉ። የመጀመሪያውን የዱር አራዊት ወዳጆች፣ ሁለተኛውን የፖለቲካ ተማሪዎች ይይዙታል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንደኛው ስለ ሁለተኛው ብዙ ይናገራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሁለቱ መጻሕፍት ንባብ የሚነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ በአገራቸው የታላላቅ ኩባንያዎችን ጉልበት በሕግ ለመግታት የደፈሩ፣ የማዕድን ቆፋሪውን ከባለንብረቱ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ያስቀመጡ መሪ፣ ፍትሕ የሚገባውን ሰው ከማይገባው የለዩት በምን ነበር? የሩዝቬልት ተሐድሶ ከንድፈ ሐሳብ የመነጨ አይደለም። በዓይን ከማየት የሚጀምር ተሐድሶ ነው። ጥንካሬውም ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ሄዶ የማየት ልማድ

ሩዝቬልት በኒውዮርክ ከተማ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው አስም ያሠቃያቸው ስለነበር ጊዜያቸውን ከመጻሕፍትና ከአእዋፍ ናሙናዎች ጋር ያሳልፉ ነበር። በ1880 ከሐርቫርድ ተመርቀው በ1882፣ ገና በ23 ዓመታቸው፣ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት አባል ሆኑ። በ«ግለ ታሪክ» ይህ ዘመን የተተረከበት ክፍል ከመጽሐፉ ጠንካራ ገጾች አንዱ ነው፤ ጸሐፊው የራሳቸው ሐሳብ ሲለወጥ የሚያሳዩበት ነውና።

ጉዳዩ የሲጋር ጠቅላዮች ጉዳይ ነበር። በመኖሪያ ኪራይ ቤቶች ውስጥ ሲጋር መሥራት እንዲከለከል ማኅበራቸው ያቀረበውን ረቂቅ ሕግ እንዲመረምሩ ከተመደቡት የምክር ቤት አባላት አንዱ ሩዝቬልት ነበሩ። እንደ መደባቸው ሰዎች ሁሉ፣ መንግሥት በሠራተኛና በአሠሪ መካከል መግባት የለበትም ብለው ያምኑ ስለነበር ለመቃወም አስበው ነበር። የሠራተኞቹ መሪ ሳሙኤል ጎምፐርስ ግን ሄደው ሁኔታውን እንዲያዩ ገፋፏቸው። ሄዱ። ቤተሰቦች በሚተኙባትና በሚበሉባት ክፍል ውስጥ ሌት ተቀን ትምባሆ ሲጠቀልሉ፣ ትምባሆውም ከቆሸሸ መኝታና ከምግብ ፍርፋሪ ጎን ተከምሮ አዩ። ከዚያ በኋላ የረቂቁ ጠበቃ ሆኑ።

ሕጉ ቢጸድቅም በ1885 የክፍለ ግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሻረው። ሠራተኛውን ከቤቱና ከቤቱ በጎ ተጽዕኖ ማራቅ ምን ይጠቅመዋል የሚል ነበር የዳኞቹ ክርክር። ሩዝቬልት ከሃያ ስምንት ዓመት በኋላ በ«ግለ ታሪክ» ለዚህ ፍርድ የሰጡት መልስ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዳኞቹን ክፉዎች አላሏቸውም። በጎ ሐሳብ ነበራቸው፤ ነገር ግን ስለ ኪራይ ቤቶቹ ኑሮ አንዳች አያውቁም ነበር ይላሉ። ይህ የመላው መጽሐፍ ቁልፍ ነው። በሩዝቬልት ሚዛን የግፍ ምንጩ ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ሳያዩ መፍረድ ነው።

ይኸው ልማድ እስከ ቤተ መንግሥት ተከትሏቸዋል። በ1895 የኒውዮርክ ፖሊስ ኮሚሽነሮች ቦርድ ሰብሳቢ ሲሆኑ፣ የድሆችን ሠፈሮች ኑሮ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ያጋለጡትን ጋዜጠኛ ጃኮብ ሪስን አስከትለው በሌሊት ከተማዋን ይዞሩ ነበር። በ1906 አፕተን ሲንክሌር የቺካጎን የሥጋ ፋብሪካዎች ያጋለጠ ልቦለዳቸውን ሲያሳትሙ፣ ፕሬዚዳንቱ ደራሲውን ሙሉ በሙሉ ባያምኗቸውም ሁለት መርማሪዎችን ወደ ቺካጎ ላኩ። የመርማሪዎቹ ሪፖርት ልቦለዱን በአብዛኛው አረጋገጠ። የሥጋ ቁጥጥር ሕግና የንጹሕ ምግብና መድኃኒት ሕግ ሁለቱም በጁን 30 ቀን 1906 ተፈረሙ። ሲንክሌር ግን አልረኩም፤ የሕዝቡን ልብ አልሜ ሆዱን መታሁ የሚል ቅሬታ አሰምተዋል። ደራሲው ያለቀሱት ለሠራተኛው ነበር፤ የተጠበቀው ግን በላተኛው ሆነ። ይህ ቅሬታ የተሐድሶውን ወሰን አስቀድሞ የሚጠቁም ነው።

የባለአደራው ክንድ

ሩዝቬልት በሴፕቴምበር 1901 ፕሬዚዳንት ዊልያም ማኪንሊ በቡፋሎ ከተማ በጥይት ተመትተው ሲሞቱ በ42 ዓመታቸው ሥልጣን ያዙ። በዓመቱ በፔንሲልቬንያ ከ140 ሺህ በላይ የድንጋይ ከሰል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። የብርድ ወራት ሲቃረብ ከተሞች ማገዶ ሊያጡ ሆነ። ከዚያ ቀደም የነበሩ ፕሬዚዳንቶች በእንዲህ ያለ አድማ ጣልቃ ሲገቡ ወታደር የሚልኩት ለባለንብረቶች ወግነው ነበር። ሩዝቬልት ግን በኦክቶበር 1902 ሁለቱንም ወገኖች ጠርተው ፊት ለፊት አስቀመጧቸው፤ ባለማዕድኖቹ እምቢ ሲሉም ጦሩ ማዕድኖቹን ተረክቦ እንዲያሠራ አሰቡ።

የሽምግልና ኮሚሽኑ አመሠራረት በ«ግለ ታሪክ» የተተረከበት መንገድ የጸሐፊውን ቀልድና ብልሃት ያሳያል። ባለማዕድኖቹ የሠራተኛ ማኅበር ሰው በኮሚሽኑ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀው ይቃወማሉ። ነገር ግን አንድ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ እንዲገባ ተስማምተው ነበር። ሩዝቬልት የባቡር ሠራተኞች ማኅበር መሪውን በዚያ ቦታ ሾሟቸው፤ ባለማዕድኖቹም ስሙ እስከተለወጠ ድረስ ግድ አልነበራቸውም። ታላላቅ የንግድ መሪዎች ከነገሩ ይልቅ ለስሙ መጨነቃቸው ሩዝቬልትን አስቆም አሳቃቸው። በማርች 1903 ኮሚሽኑ 10 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ሰጠ፤ ለአብዛኞቹ ሠራተኞችም የቀኑን ሥራ ከ10 ወደ 9 ሰዓት ዝቅ አደረገ። ማኅበራቸው ግን ሕጋዊ ዕውቅና አላገኘም።

በዚሁ መጽሐፍ ሩዝቬልት የሥልጣን ፍልስፍናቸውን ያብራራሉ። ፕሬዚዳንት የሕዝብ ባለአደራ ነው፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥቱ ወይም ሕጉ በግልጽ ያልከለከለውን፣ ለሕዝብ የሚበጀውን ሁሉ ማድረግ ይችላል፤ ግዴታውም ነው ይላሉ። ተተኪያቸው ዊልያም ታፍት በ1916 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን አስተሳሰብ አደገኛ ሲሉ ተቃውመዋል። የባለአደራነቱ ፍሬ ግን የሚካድ አይደለም። በሥልጣን ዘመናቸው 150 ብሔራዊ ደኖች፣ 51 የአእዋፍ መጠለያዎች፣ 18 ብሔራዊ ቅርሶችና 5 ብሔራዊ ፓርኮች ተከልለዋል፤ በድምሩ 230 ሚሊዮን ኤከር፣ ማለትም 93 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት። በ1907 ምክር ቤቱ በስድስት ምዕራባዊ ግዛቶች አዲስ ደን የመከለል ሥልጣናቸውን የሚነሣ ሕግ ሲያወጣ፣ ሩዝቬልት ሕጉን ከመፈረማቸው በፊት 16 ሚሊዮን ኤከር ደን በአዋጅ ከለሉ። ይህን ሲተርኩ ድል ያደረገ ልጅ ደስታ ከገጹ ይነበባል።

ነገር ግን ያው ክንድ፣ ያው ብዕር ሌላም ሥራ ሠርቷል፤ እርሱ በ«ግለ ታሪክ» የለም። በኦገስት 1906 በቴክሳስ ብራውንስቪል ከተማ በሌሊት በተተኮሰ ጥይት አንድ ሰው ሞተ። ጥርጣሬው በአቅራቢያው በሠፈሩት የ25ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ጥቁር ወታደሮች ላይ ወደቀ። መኮንኖቻቸው ወታደሮቹ በሠፈራቸው እንደነበሩ መሰከሩ፤ ያመነም ሆነ ወንጀለኛ ነው ብሎ የጠቆመ አልተገኘም። ፕሬዚዳንቱ ዝምታውን እንደ ሤራ ቆጥረው 167 ወታደሮችን ያለ ፍርድ፣ ያለ ክብር ከሠራዊቱ አሰናበቱ። ትእዛዙም ይፋ የሆነው የኖቬምበሩ ምርጫ ካለፈ በኋላ ነበር። በ1901 በቤተ መንግሥት ራት የጋበዟቸው፣ አማካሪያቸውም የነበሩት ጥቁሩ የትምህርት ሰው ቡከር ዋሽንግተን ትእዛዙን እንዲያዘገዩ ቢለምኗቸውም አልሰሙም። በ1898 በኩባ፣ በሳን ሁዋን ኮረብታዎች በተደረገው ውጊያ፣ ስማቸውን ባስጠራው ጦርነት፣ ጥቁር ፈረሰኞች በጎናቸው ተዋግተው ነበር። የአሜሪካ ጦር ውሳኔውን የሻረው በ1972 ነው፤ ያን ጊዜ ከወታደሮቹ አብዛኞቹ አልፈው ነበር።

ዝምታ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ እንግዳ ነገር አይደለም። በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 በአንድ ቤት ውስጥ እናታቸውንና የመጀመሪያ ሚስታቸውን አሊስን ያጡት ሩዝቬልት፣ በ«ግለ ታሪክ» የአሊስን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አያነሱም። ያ ዝምታ የሐዘን ስለሆነ አንባቢ ያከብረዋል። የብራውንስቪል ዝምታ ግን ሌላ ነው። የሲጋር ጠቅላዮቹን ጉዳይ በዝርዝር የተረከው ብዕር በ167 ወታደሮች ፊት መድረቁ ከመርሳት ሊቆጠር አይችልም። ሳያዩ የፈረዱትን ዳኞች የነቀፉት ሰው፣ እዚህ ላይ ራሳቸው ሳያዩ የፈረዱ ዳኛ ሆነው ነበርና።

ከሞምባሳ እስከ ካርቱም

ሩዝቬልት ሥልጣናቸውን ባስረከቡ በ19 ቀናቸው፣ በማርች 23 ቀን 1909፣ ከልጃቸው ከርሚትና ከስሚዝሶኒያን ተቋም ተመራማሪዎች ጋር ወደ አፍሪካ ተሳፈሩ። በኤፕሪል ሞምባሳ ደረሱ፤ ከዚያም በኡጋንዳ ባቡር ላይ፣ ከፉርጎው ወጥተው በሎኮሞቲቩ ፊት በተሠራ መቀመጫ ተቀምጠው፣ ወደ ደጋው ገቡ። ጉዞው በኬንያ ሜዳዎች፣ በኡጋንዳና በነጭ ዓባይ በኩል አልፎ በማርች 1910 ካርቱም ላይ ተፈጸመ።

«የአፍሪካ የአደን ዱካዎች» እንደ ድርሰት ሲታይ ከ«ግለ ታሪክ» ይበልጣል። ሩዝቬልት በድንኳናቸው ውስጥ በእርሳስ የጻፉት ስለሆነ ትኩስነቱ አልጠፋም። የወፍ ድምፅ፣ የሣር ቀለም፣ የአውራሪስ አቋቋም በትክክል ይታያል። የናንዲ ጦረኞች አንበሳን ከብበው በጦር የገደሉበት ትረካ የመጽሐፉ ጫፍ ነው። አባትና ልጅ 512 አራዊት መግደላቸው የዛሬውን አንባቢ ቢያስደነግጥም፣ ጉዞው ለዋሽንግተኑ ሙዚየም ከ11 ሺህ በላይ የእንስሳት ናሙናዎችን ሰብስቧል፤ ስለዚህ መጽሐፉን በጥይት ብዛት ብቻ መኮነን ቀላል፣ ነገር ግን ያልተሟላ ሂስ ይሆናል። ዋናው ጉድለት ሌላ ነው።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ርዕስ የባቡሩን መንገድ በፕሌይስቶሲን ዘመን ውስጥ እንደሚያልፍ አድርጎ ያቀርበዋል። አነጋገሩ ውብ ነው፤ ነገር ግን አገሩን ወደ ቅድመ ታሪክ ስለሚመልሰው የቅርቡ ታሪክ ቦታ ያጣል። በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ የደረሰውን ያን የባቡር ሐዲድ ከ30 ሺህ በላይ ከህንድ የመጡ ሠራተኞች ዘርግተውታል። በ1904 የማሳይ ሕዝብ በስምጥ ሸለቆ ከነበረው የግጦሽ መሬቱ፣ ከናይቫሻ አካባቢ ጭምር፣ በውል ስም እንዲለቅ ተደርጎ ነበር፤ ሩዝቬልት በናይቫሻ ሐይቅ ያደኑት ከዚያ አምስት ዓመት በኋላ ነው። ጀግንነታቸውን ያደነቁላቸው ናንዲዎች ደግሞ ባቡሩንና ቅኝ ገዥውን ለዓመታት ተዋግተው፣ መሪያቸው ኮይታሌል ሳሞኤይ በኦክቶበር 1905 ለድርድር ተብሎ በተጠራ ስብሰባ ላይ በእንግሊዛዊ መኮንን የተገደሉባቸው ሰዎች ነበሩ። በ1909 መጨረሻ በፈረስ ላይ ሆኖ ትርኢታቸውን ለተመለከተ እንግዳ ጦረኞቹ የጥንት ጀግኖች መስለው ታዩ። እነርሱ ግን በጦርነት ከተሸነፉ አራት ዓመት ያህል ብቻ የሆናቸው ሕዝብ ነበሩ።

ለሰዎቹ ፍቅር የለም ማለት አይደለም። ጠመንጃ ያዦቻቸውን በስም ያነሳሉ፤ ታማኝነታቸውንም ያመሰግናሉ። ጓዝ ተሸካሚዎችን ብርቱዎች፣ ታጋሾች፣ ተጫዋቾች ይሏቸዋል፤ ወዲያውም የልጅነት ጠባይ አለባቸው ብለው ይጨምራሉ። ተሸካሚው ምን ያህል እንደሚከፈለው፣ ከየት መሬት እንደመጣ፣ ለምን ጓዝ መሸከም እንደያዘ የሚጠይቅ ግን የለም። በኒውዮርክ ኪራይ ቤት ውስጥ ትምባሆውን፣ መኝታውንና ፍርፋሪውን ለይቶ ያየው ዓይን እዚህ አራዊቱን ለይቶ አየ፤ ሰውን ግን ከመልክዓ ምድሩ ጋር ደባልቆ አለፈው።

ምክንያቱን ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም። በኒውዮርክ መንገድ የመሯቸው ጎምፐርስና ሪስ ነበሩ፤ አንደኛው ራሱ ሲጋር ጠቅላይ የነበረ፣ ሁለተኛው በስደት መጥቶ ችግርን የቀመሰ። በምሥራቅ አፍሪካ ያስተናገዷቸው ግን የመሬቱ አዲስ ባለቤቶች ነበሩ፦ በኪታንጋ ሰር አልፍሬድ ፒዝ፣ በጁጃ እርሻ ዛሬም በናይሮቢ ቤተ መጻሕፍት ስማቸው የሚጠራው ዊልያም ማክሚላን፣ እንዲሁም ሎርድ ደላሜር። ሩዝቬልትም ሰፋሪዎቹን ከአሜሪካ ምዕራብ ሰፋሪዎች ጋር እያነጻጸሩ ደጋውን የነጮች አገር ሊሆን የሚችል አድርገው አዩት።

አፍሪካዊ መንግሥት እንዳለ አያውቁም ነበር ማለትም አይቻልም። በ1903 የላኳቸው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብተው በዲሴምበር ወር ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራርመዋል። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ ገበያ አቡጀዲ፣ በስዋሂሊ ተናጋሪዎች ዘንድ ደግሞ ከአገሩ ስም ተወስዶ «መሪካኒ» የሚባለው የአሜሪካ ጥጥ ጨርቅ በሰፊው ይሸጥ ነበር፤ የውሉም ዋና ምክንያት ይኸው ንግድ ነው። በውሉ ላይ አፍሪካዊው ንጉሠ ነገሥት ፈራሚ ናቸው፤ ማኅተም አላቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ በታተመው መጽሐፍ ግን አፍሪካዊው የሚደነቅ፣ የሚወደድ ወይም የሚታዘንለት ነው እንጂ ውል የሚዋዋሉት ባለመብት ሆኖ አይታይም። ልዩነቱን ያመጣው የአድዋ ድል መሆኑን ለማስረዳት ረጅም ትንተና አያስፈልግም። ሩዝቬልት ጉልበት ያለውን ያከብሩ ነበር፤ ጉልበት ያጣውን ለማክበር ግን በቅድሚያ በዓይናቸው ማየት፣ የሚያሳያቸውንም ሰው ማግኘት ነበረባቸው።

ሚዛኑ

ከአፍሪካ መልስ ሩዝቬልት ይበልጥ ወደ ለውጡ ገፉ። በኦገስት 1910 በካንሳስ ኦሳዋቶሚ ባሰሙት ንግግር የሰው ደኅንነት ከንብረት መብት እንዲቀድም ጠየቁ። በ1912 የተራማጆች ፓርቲን መርተው ለምርጫ ሲቀርቡ፣ ፕሮግራሙ የሴቶችን የመምረጥ መብት፣ የስምንት ሰዓት ሥራንና የማኅበራዊ ዋስትናን የያዘ ነበር። በኦክቶበር በሚልዋኪ ጥይት ደረታቸው ውስጥ እንዳለ ንግግራቸውን ጨርሰዋል። 27 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው በውድሮው ዊልሰን ተሸነፉ፤ ከሐሳቦቻቸው ግን ብዙዎቹ በኋላ ሕግ ሆነዋል። የሴቶች የምርጫ መብት በ1920፣ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ደግሞ በ1935 በዘመዳቸው በፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን ጸድቀዋል። ሆኖም የፓርቲው ጉባኤ በቺካጎ ሲሰበሰብ ከደቡብ ክፍለ ግዛቶች የመጡ ጥቁር ተወካዮች ወንበር ተነፍጓቸው ነበር። በአሜሪካ ታሪክ ውስጥ በጊዜው እጅግ ሰፊ የሆነው የተሐድሶ ፕሮግራም የተነበበው እነርሱ በሌሉበት አዳራሽ ነው።

ስለዚህ ሩዝቬልትን ወይ ቅዱስ ወይ ግብዝ አድርጎ መደምደም ሁለቱንም መጻሕፍት አለማንበብ ነው። የሠሩት ሥራ እውነተኛ ነው፤ ዛሬም አሜሪካዊ በግራንድ ካንየን ጫፍ ሲቆም፣ ሥጋ ሲገዛ ማኅተም ሲያይ የእርሳቸው አሻራ አለበት። ነገር ግን የሁለቱ መጻሕፍት ንባብ ስለ ባለአደራነት ፍልስፍና ከባድ ጥያቄ ይተዋል። ሕጉ ያልከለከለውን መልካም ነገር ሁሉ ማድረግ የሚችል መሪ፣ መልካም የሆነውን የሚለየው በራሱ ዓይን ነው። ዓይኑ በደረሰበት ማዕድን ቆፋሪ የደመወዝ ጭማሪ ያገኛል፤ ዓይኑ ባልደረሰበት 167 ሰዎች በአንድ ፊርማ ዕድሜ ልካቸውን ይዋረዳሉ። የሁለቱም ዕጣ የሚወሰነው ከአንድ ጠረጴዛ ነው።

ታፍት በ1916 የጻፉት ተቃውሞ ከሩዝቬልት ድርሰት ጋር ሲወዳደር ደረቅና ማራኪነት የጎደለው ነው፤ ለተሐድሶም ያን ያህል ልብ አይሰጥም። ሆኖም የብራውንስቪል ወታደሮች የሚያስፈልጋቸው ደግ ፕሬዚዳንት አልነበረም፤ ደግማ ፕሬዚዳንትማ ነበራቸው። የጎደላቸው ምስክር የሚሰማበት ችሎት ነበር። የናይቫሻ ማሳዮችም አድናቂ እንግዳ አላጡም፤ ያጡት በውሉ ላይ እምቢ ለማለት የሚያስችል አቅም ነው። ቡከር ዋሽንግተን ለምነው አልተሰሙም፤ ልመና ብቻ ነበር በእጃቸው ያለው።

ደግ መሪን ተስፋ አድርጎ መጠበቅ በዚህ አካባቢ የተለመደ ነገር በመሆኑ፣ የሩዝቬልት መጻሕፍት እዚህ ላሉ አንባቢዎች የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደሉም። ከዋሽንግተን እስከ ናይቫሻ የሚዘልቀው ትረካቸው፣ መልካም ዓይን ያለው ገዥ ምን ያህል ሊሠራ እንደሚችል ያሳያል። ዓይኑ ሲዞር ምን እንደሚቀርም በዚያው ያሳያል። «ግለ ታሪክ»ን የሚያነብ ሰው «የአፍሪካ የአደን ዱካዎች»ንም ከጎኑ ቢያስቀምጥ፣ በመጀመሪያው ውስጥ የሲጋር ጠቅላዮቹን ክፍል ከጨረሰ በኋላ በሁለተኛው ውስጥ ስለ ጓዝ ተሸካሚዎቹ የተጻፈውን ቢያነብ፣ ጸሐፊው ሊያስተምሩት ካሰቡት የበለጠ ትምህርት ያገኛል።